ሰኔና ሰኞ የገጠመበት በጀት

ሰኔ ሲገባ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ የሚነሳውን ግርግር ውስጡ የሠራ ያውቀዋል። ከመስከረም እስከ ግንቦት “በጀት የለም” ሲባልለት የከረመው ወንበር፣ ቶነር፣ ምንጣፍና መጋረጃ በሁለት ሳምንት ውስጥ ተገዝቶ ያልቃል። ግዢ ክፍል ሦስት ፕሮፎርማ ፍለጋ መርካቶን ሲያስስ ይውላል። ዓመቱን ሙሉ ማንም ያላስታወሰው ስልጠና ድንገት አስፈላጊ ይሆንና አዳማና ቢሾፍቱ ያሉ አዳራሾች ይሞላሉ፤ አበልም ይከፈላል። በሞዴል 19 መጋዘን የገባው ዕቃ ብዙ ጊዜ ሞዴል 22 ሳይቆረጥለት፣ ከነፕላስቲኩ፣ ለሚመጣው ሰኔ ይደርሳል። ለምን ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ አንድ ነው፦ “በጀቱ እንዳይቃጠል።”

ይህን በሌብነት መተርጎም ቀላል ነው። ሌብነት የለም አንልም። እኛ የምንሟገተው ግን ሌላ ነገር ይዘን ነው። ሐቀኛ ሰዎችን ብቻ ሰብስባችሁ አንድ መሥሪያ ቤት ብታቋቁሙና በዚሁ አሠራር በጀት ብትሰጧቸው፣ ሰኔ ላይ ያንኑ ያደርጋሉ። አሠራሩ የቆጠበውን ይቀጣል፣ ያባከነውን ይሸልማል። መውጫ መንገዱ ደግሞ በማኔጅመንት አካውንቲንግ ኮርስ ለፈተና ሸምድደን፣ ከፈተናው አዳራሽ ስንወጣ በረሳናቸው ሁለት ምዕራፎች ውስጥ አለ፦ ፍሌክሲብል በጀትና ዜሮ ቤዝድ በጀት። (ከሸምዳጆቹ መካከል እኛም አለንበት።)

መጀመሪያ አንድ ታሪክ እንንገራችሁ። ከመካከላችን አንዱ ከዩኒቨርሲቲ እንደወጣ የተቀጠረው የገጠር ውኃ ፓምፖችን በሚጠግን አንድ መሥሪያ ቤት ፋይናንስ ክፍል ውስጥ ነበር። እዚያ የተሽከርካሪ ስምሪት የሚመሩ፣ ሁሉም ሰው “ጋሼ” የሚላቸው አንድ ጎልማሳ ነበሩ። ጋሼ ከሰማያዊ ደብተራቸው አይለዩም። የትኛው መኪና የት እንደሄደ፣ ስንት ሊትር እንደቀዳ፣ በዚያ ጉዞ ስንት ፓምፕ እንደተጠገነ፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፋቸው እዚያ ሰፍሯል። አንድ ዓመት ላይ ደብተሩን ሲያገላብጡ አንድ ነገር አስተዋሉ። ወደ አንድ ወረዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት መኪና ይሄዳል፤ አንዱ ለጥገና፣ አንዱ ለክትትል፣ አንዱ መለዋወጫ ለማድረስ። ከሦስት ክፍል ኃላፊዎች ጋር ተጨቃጭቀው ሦስቱን ጉዞ አንድ አደረጉት። በዓመቱ መጨረሻ ለ240 ጥገና ተብሎ ከተያዘው 12,000 ሊትር ነዳጅ ውስጥ 9,000ውን ብቻ ተጠቅመው 250 ጥገና ተሠራ። ሽልማት ይጠብቁ ነበር ብንል ውሸት ይሆናል፤ ቅጣት ግን አልጠበቁም።

ቅጣቱ ከአዲሱ በጀት ጋር መጣ። አመዳደቡ እንደወትሮው ያለፈውን ዓመት ወጪ አይቶ ስለነበር የነዳጁ መደብ 9,000 ሊትር ሆኖ ተመለሰ። በዚህ ከቻላችሁ በዚህ ሥሩ ነው ነገሩ። በዚያ ዓመት ደግሞ ፓምፖቹ አርጅተው ኖሮ የብልሽት ጥሪው በዛ፤ ዓመቱ በጠቅላላው 330 ጥገና የሚጠይቅ ሆነ። የጋሼ ቁጠባ አልላላም፤ ለአንድ ጥገና የሚወጣው ነዳጅ ያው እንዳምናው 36 ሊትር ነበር። ቢሆንም ሚያዝያ መግቢያ ላይ ነዳጁ አለቀ። ተጨማሪ ተጠይቆ እስኪፈቀድ ድረስ መኪኖቹ አምስት ሳምንት ያህል ግቢ ውስጥ ቆሙ። ፓምፓቸው በተሰበረባቸው መንደሮች ያሉ ሴቶች ጀሪካናቸውን ይዘው ወደ ወንዝ ተመለሱ።

በቀጣዩ ዓመት ሦስቱ መኪኖች እንደ ድሮው ለየብቻ መውጣት ጀመሩ። የእኛ ሰው ገርሞት ቢጠይቃቸው “ልጄ፣ ቆጥቤ አየሁት እኮ” ብለው ወደ ደብተራቸው ዞሩ።

እንዲህ ያለው አመዳደብ በመማሪያ መጽሐፍ ስሙ ኢንክሪመንታል በጀት ይባላል። ያለፈው ዓመት ቁጥር መነሻ ይሆንና አሥር በመቶ ይጨመርበታል ወይም ይቀነስበታል። መነሻው ራሱ ትክክል ነው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የለም። በላዩ ላይ የእኛ አገር የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተጀምሮ ሰኔ 30 ያበቃል፤ ያልተሠራበት ገንዘብም ወደ ግምጃ ቤት ተመላሽ ይሆናል። እነዚህ ሁለቱ ለየብቻቸው ያን ያህል ክፉ አይደሉም። ሲገናኙ ነው ሰኔና ሰኞ የሚሆኑት። የተረፈህን ትመልሳለህ፣ ስለመለስክም የሚመጣው ዓመት በጀትህ ይቀነሳል። እንዲህ ከተባለ በኋላ መጋረጃ የማይገዛ ኃላፊ ቢገኝ እኛ ነን የምንገረመው።

ይህ የሐበሻ በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀት ዓመት የሚያልቀው እ.ኤ.አ. መስከረም 30 ነው። ጄፍሪ ሊብማንና ኒል ማሆኒ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች የዚያን አገር የግዢ መረጃ መርምረው እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ በበጀት ዓመቱ የመጨረሻ ሳምንት የሚወጣው ገንዘብ ከሌላው ጊዜ ሳምንታዊ አማካይ 4.9 እጥፍ ሆኖ አግኝተውታል። በዚያ ሳምንት የተገዙ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ፕሮጀክቶችም ጥራታቸው በግልጽ ያነሰ ነበር። እኛን ይበልጥ የሳበን ግን ሌላው ግኝታቸው ነው። የፍትሕ ሚኒስቴሩ ከሌሎቹ በተለየ የተረፈውን ገንዘብ ወደሚቀጥለው ዓመት የማሻገር ፈቃድ አለው። እዚያ ያ የመጨረሻ ሳምንት ሩጫ አልታየም፤ ጥራቱም አልወረደም። አገሩ አንድ፣ የመንግሥት ሠራተኛው አንድ ዓይነት፣ የተለየው ደንቡ ብቻ ነው። ለእኛ ክርክር ከዚህ የተሻለ ምስክር አናውቅም።

አሁን ወደ ፍሌክሲብል በጀት እንምጣ። በአማርኛ “ተለዋዋጭ በጀት” ሲባል ሰምተናል፤ ግን በየጊዜው እንደፈለጉ የሚቀያየር በጀት ይመስልብናል። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የሚለዋወጠው በተሠራው ሥራ መጠን ልክ ብቻ ነው። ምሳሌው በእንጀራ ይሁን፤ ቁጥሩን ለስሌት እንዲቀል እኛ ነን የመረጥነው። አንድ ድርጅት ሁለት የእንጀራ መጋገሪያ ቤቶች አሉት እንበል። ለእያንዳንዳቸው በወር 30,000 እንጀራ ታቅዷል። ለአንድ እንጀራ ዱቄቱ፣ መብራቱና ፌስታሉ ተደምሮ 12 ብር ይፈጃል። ኪራይና ደመወዝ ደግሞ ብዙም ተጋገረ ጥቂት በወር 100,000 ብር ነው። ስለዚህ የአንዱ ቤት የወር በጀት 460,000 ብር ይሆናል።

ወሩ አለቀ። የመጀመሪያዋ ኃላፊ 520,000 ብር አወጣች፤ ሁለተኛው 420,000። በቋሚው በጀት ሲለኩ እሷ 60,000 አሳልፋለች፣ እሱ 40,000 ቆጥቧል። እሷ ማስጠንቀቂያ ይጻፍላታል፣ እሱ በስብሰባ ላይ ይመሰገናል። ቆይ ግን፣ ስንት ጋገሩ? እሷ ገበያ ደርቶላት 36,000 ጋግራለች። ለዚያ ያህል እንጀራ የሚገባው ወጪ 432,000 ላይ 100,000 ተደምሮ 532,000 ነው፤ ስለዚህ 12,000 ብር ቆጥባለች። እሱ የጋገረው 24,000 ነው፤ የሚገባው 388,000 ነበር፤ 32,000 ብር አባክኗል። ፍርዱ ሙሉ በሙሉ ተገለበጠ። ፍሌክሲብል በጀት ማለት ይኸው ነው፤ በዓመቱ መጨረሻ “ስንት አወጣህ?” ከማለት በፊት “ስንት ሠራህ?” ብሎ መጠየቅና በጀቱን በተሠራው ልክ እንደገና ማስላት። የሚያስፈልገው የትኛው ወጪ ከሥራው ጋር እንደሚጨምርና የትኛው እንደማይነቃነቅ መለየት ነው፤ ለዚህ አንድ ኤክሴል ፋይል ይበቃል።

ይህንኑ ስሌት በጋሼ ደብተር ላይ ሞክረነዋል። ነዳጁ እጥረት በገጠመው ዓመት 330 ጥገና በ36 ሊትር ሲባዛ 11,880 ሊትር ይመጣል። ልብ በሉ፣ ይህ ከመጀመሪያው 12,000 ሊትር እንኳ ያነሰ ነው! የጥገናው ጥሪ ያን ያህል ጨምሮም የጋሼ አሠራር በድሮው በጀት ይሸፈን ነበር። መኪኖቹን ያቆማቸው የገንዘብ እጥረት ሳይሆን የተሳሳተ መለኪያ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ እንጨምር፤ ካልጨመርን የአካውንቲንግ መምህሮቻችን ይታዘቡናል። በጀቱ የሚታጠፍበት የሥራ መለኪያ ራሱ ባለ በጀቱ እንደልቡ የሚያበዛው መሆን የለበትም። የጋሼን ነዳጅ በጉዞ ብዛት ብንለካው ሦስት መኪና ወደ አንድ ወረዳ መላክ ትርፋማ ይሆን ነበር፤ በተጠገነ ፓምፕ ስንለካው ግን ከንቱ ልፋት ይሆናል። የስልጠናን በጀት በስልጠና ቀናት ብዛት እናስላ ብንል ደግሞ የአዳማ ሆቴሎች ሐውልት ያሠሩልናል። ሥራቸው በቁጥር የማይገባ ክፍሎችም አሉ። የሕግ ክፍል በምን ይለካል? በክስ ብዛት ካልን ክስ ይበዛል። ስለዚህ ሁሉንም ነገር ፍሌክሲብል እናድርግ አንልም።

ሌላው ጥቅሙ የዋጋንና የሥራን ጉዳይ መለየቱ ነው። የ2017 የፌዴራል በጀት በሰኔ 2016 መጨረሻ በ971.2 ቢሊዮን ብር ጸደቀ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ፤ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በኅዳር 2017 ወደ 582 ቢሊዮን ብር የሚጠጋ ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። እንዲህ ባለ ዓመት ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ የሚገዛ ኃላፊ በጀቱን አለፈ ቢባል ምን ማለት ነው? ዋጋው ነው የጨመረው? ወይስ እሱ ነው ያባከነው? ቋሚው በጀት ሁለቱን አንድ ላይ ጨፍልቆ አንድ ቀይ ቁጥር ያሳያችኋል። ሥራውን በሊትር፣ በኩንታል፣ በፍሬ ቆጥሮ ዋጋውን ለብቻው የሚይዝ ግን ሁለቱን ይለያል። ጋሼ በሊትር መጻፋቸው ያለ ነገር አልነበረም፤ የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ሲጨምር የእሳቸው ደብተር አልተናጋም።

“ፕሮግራም በጀት አለ እኮ” የሚለን አይጠፋም። አዎ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ከ2004 በጀት ዓመት ጀምሮ በጀታቸውን ከሚሰጡት ውጤት ጋር አያይዘው እንዲያቅዱ ተደርጓል። ሐሳቡ መልካም ነው። ዓመታዊ ሪፖርቱን ግን ከፍታችሁ እዩት። “የበጀት አጠቃቀም 98 በመቶ” የሚለው አረፍተ ነገር እንደ ስኬት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ገንዘብ መጨረስ አፈጻጸም የሚባልበት ቤት ውስጥ 75 በመቶ የተጠቀመ ሰው ሰነፍ ነው።

ፍሌክሲብል በጀት ግን አንድ ጥያቄ አይጠይቅም፦ ሥራው ራሱ ለምን ይሠራል? እንጀራውን በቁጠባ ጋግረህ ይሆናል፤ የሚበላው ከሌለስ? ለዚህ ነው ሁለተኛው ምዕራፍ የሚያስፈልገው። ዜሮ ቤዝድ በጀትን በዘመናዊ መልኩ የቀመረው ፒተር ፒር የተባለ የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ሠራተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው ስለ ዘዴው የጻፈውን ያነበበው ጂሚ ካርተር ጆርጂያ ግዛትን ማስተዳደር ሲጀምር ጠራው፤ ፕሬዚዳንት ሲሆንም እ.ኤ.አ. በ1977 ለመላው ፌዴራል መንግሥት አዘዘው። አሠራሩ እንዲህ ነው። ያለፈው ዓመት ቁጥር ይረሳል። እያንዳንዱ ክፍል ለእያንዳንዱ ሥራው አንድ የውሳኔ ጥቅል ያዘጋጃል፦ ሥራው ምንድን ነው፣ ባይሠራ ምን ይጎድላል፣ በሌላ መንገድ መሥራት ይቻላል ወይ፣ በትንሹ ስንት ይበቃዋል። ከዚያ ጥቅሎቹ በአስፈላጊነታቸው ይደረደሩና ገንዘቡ እስኪያልቅ ከላይ ወደ ታች ይከፈላል።

ወረቀት ላይ ያማልላል። ሲሠራበት ግን በወረቀት ተቀበረ። በጆርጂያ ወደ 11,000 የሚጠጉ ጥቅሎች ቀረቡ። የሃርቫርዱ ሮበርት አንቶኒ እ.ኤ.አ. በ1977 በዎል ስትሪት ጆርናል ላይ ሲሟገት፣ አስተዳዳሪው ለሁለት ወር በየቀኑ አራት ሰዓት ቢመድብ እንኳ ለአንዱ ጥቅል የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ያህል ነው ብሎ አሰላው። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴርም ከካርተር በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ከመሠረቱ የሚነሳ በጀት ሞክሮ ነበር፤ ከብዙ ልፋት በኋላ የወጣው በጀት ከበፊቱ እምብዛም አልተለየም። ሬገን ሲመጣ እ.ኤ.አ. በ1981 ነገሩ ቀረ።

በኩባንያዎች ዘንድ ግን እንደገና ነፍስ ዘርቷል። በጣም የሚታወቁበት ስሪጂ ካፒታል የተባሉት ባለሀብቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 በእነሱና በዋረን ባፌት ኩባንያ አማካይነት ክራፍትና ሃይንዝ ሲዋሃዱ ዜሮ ቤዝድ በጀት እስከ ፎቶ ኮፒ ድረስ ወጪን ቆረጠ። ለጊዜው ትርፉ አማረ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2019 ኩባንያው የታዋቂ ምርቶቹንና የሌላ ንብረቱን የመዝገብ ዋጋ በ15.4 ቢሊዮን ዶላር ቀነሰ። ጥፋቱ የበጀት ዘዴው ብቻ ነው ማለት አይቻልም፤ የሰው አመጋገብም ተለውጧል። እኛ የምናነብበት ግን ይህን ነው፦ “ለምን ይሠራል?” የሚለው ጥያቄ “ምን ልቁረጥ?” ወደሚል ሲቀየር፣ ጥቅሙ ዘግይቶ የሚታየው ሥራ መጀመሪያ ይቆረጣል። አዲስ ምርት መሞከር፣ ማሽን ሳይሰበር መጠገን፣ ሠራተኛ ማስተማር። በእኛ ምሳሌ ፓምፕን ሳይበላሽ በፊት ዞሮ ማየት ማለት ነው።

ስለዚህ ከእኛ ወገን ያለው ሐሳብ ልኩን ያወቀ ነው። በየዓመቱ ሁሉንም ከዜሮ እናስነሳ የሚል ሰው ኃላፊዎቹን ጥቅል ጸሐፊ ሊያደርጋቸው ነው። ይልቅ አንድ መሥሪያ ቤት በዓመት ከወጪው አንድ አምስተኛውን መርጦ እሱን ብቻ ከዜሮ ቢጠይቀው በአምስት ዓመት ሁሉም ይዳረሳል፤ ለመጀመሪያው ዓመት ተራ የሚይዙትን ደግሞ እኛ እንጠቁማለን፦ ስልጠናና ስብሰባ፣ የቢሮ ዕቃ፣ ተሽከርካሪ። ሥራው የሚቆጠርበት ቦታ ሁሉ ሪፖርቱ በተሠራው ልክ የታጠፈ በጀት ይዞ ይቅረብ። “የበጀት አጠቃቀም በመቶኛ” የሚለው ዓምድም ለብቻው ቆሞ አይመስገን። ከቆጠበው ላይ ቢያንስ የተወሰነው ለቆጠበው ክፍል ይተው፤ ይህ የሕግና የገንዘብ ሚኒስቴር ጉዳይ ስለሆነ በአንድ ሌሊት አይመጣም፤ የሚቀጥለውን ዓመት በጀት በቁጠባው ምክንያት አለመቀነስ ግን ማንም ኃላፊ ነገ ሊወስነው የሚችል ነገር ነው።

ስጋታችንን አንደብቅም። ከሁለቱ ዘዴዎች ስማቸው ብቻ ተወስዶ፣ በአንድ ሆቴል የሦስት ቀን ስልጠና ተሰጥቶባቸው፣ አዲስ ቅጽ ታትሞ፣ በቅጹ ላይ ያው ያለፈው ዓመት ቁጥር አሥር በመቶ ተጨምሮበት ሊሞላ ይችላል። ሲሆን አይተናል፤ ቢፒአርንም ካይዘንንም እንዲህ አሳልፈናቸዋል።

ጋሼ አሁን ጡረታ ወጥተዋል። ሰማያዊውን ደብተር ለተተኪያቸው ሲያስረክቡ ልጁ አገላብጦ አየውና “ይሄ ሪፖርት ላይ ይጠየቃል እንዴ?” አላቸው አሉ። አይጠየቅም።